ሳትወድቅ የተሰበረች

ሐይቅ ከተማ፣ የሰፈራችን ክሊኒክ ኃላፊ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነበር፤ እሱ ግን «ዶክተር» ካላሉት ዞር ብሎም አያይ። በደርግ ጊዜ በየወሩ በሚደረገው ስብሰባ ተነስቶ አንድም በሽተኛ ወደ ደሴ እንዳልላከ ሲያወራ ይጨበጨብለታል። ራስን መቻል ይሉታል። በሽተኛ መላክ ለእሱ ሽንፈት ነበር። እኔም እዚያው አምባሰል አውራጃ መምህር፣ አዋቂ ነኝ ባይ፣ ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርኩ።

እናቴ መጀመሪያ የተሰበረችው የእጇን አንጓ ነው፤ ከመደብ ስትነሳ ብትደገፍበት ቀጭ አለ። ጌታው ድሬሰር በጨርቅ ጠቅልሎ ሸኛት። በዓመቱ እንስራ ስታነሳ ወገቧን ጠቅ አደረጋት። ከዚያ ወዲህ ጎበጠች፣ አጠረች፣ ቀሚሷም መሬት ይጠርግ ጀመር። እሱ ግን እርጅና ነው አለና የራስ ምታት ክኒን ሰጣት። ለዚህ ለዚህማ ባለሱቁስ ምን አነሰው?

ሕመሙ ሲጠናባት ወጌሻ አስጠራች። እኔ አፈርኩ። ሽማግሌው ጀርባዋን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና እጁን ሰበሰበ። አላሻትም አለ።

«ሳይወድቁ ሁለቴ መሰበር ደግ አይደለም፣ አጥንቱ ራሱ ታሟል። ሦስተኛው ሳይመጣ ደሴ ውሰዳት፤ የእኔ እጅ ጭራሽ ይሰብራታል።»

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሊመክረኝ። ይህንኑ ለድሬሰሩ ብነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ወጌሻ ከመቼ ወዲህ ነው በሽተኛ የሚልከው አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ያለ እሱ ወረቀት ደሴ የሚቀበላት አልነበረም፤ ወረቀቱን ግን አጥብቄ አልጠየቅሁም። ያን ሳቄን ዛሬም እጸየፈዋለሁ።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል ስትሰግድ ግንባሯን ምድር አስነክታ ከሱጁድ ስትነሳ ዳሌዋ ተሰበረ። ጌታው ያኔ ወረቀት ጻፈ፤ ያውም «ወድቃ» ብሎ። የት እንደወደቀች እንኳ ለመፍጠር ሰንፏል። በጭነት መኪና ላይ ፍራሽ አንጥፈን ወሰድናት።

የደሴው ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና አጥንቷ ሳስቶ አልቋል አለ። ከዚህ በፊት ተሰብራ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በመጀመሪያው ብትመጣ ኖሮ የሚቀጥለውን ለመከላከል ይሞከር ነበር፤ አሁን ግን በእግሯ መሄዷን እንደሚጠራጠር አልደበቀኝም። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ለምን እስካሁን እንደቆየች ጠየቃት።

እናቴ እኔን እያየች፣ ኮራ ብላ መለሰች።

«ልጄ የተማረ ነው። እሱ ሂጂ ካላለኝ ምን አስቸኮለኝ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»