ከቀዳዳው ውጭ የታሰረች ግመል

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሊያ ከምትማርበት ከበርክሌ ኦክላንድ ወዳለው ቤቴ መጣችና የወረቀት ሳህን ላይ ሦስት ክብ ሣለች፤ አንዱን በአንዱ ውስጥ። መሐሉ ላይ ነጥብ ጣል አደረገች። ፕሮፌሰሯ "ፊዚክስ ለማያውቅ ሰው አስረዱ" ብሏቸው ነው አሉ። ከኔ የባሰ መሃይም ከየት ታመጣለች? በሩጫ መጣቻ!

"ሃይድሮጂን ነው፣ እማማ። ይቺ ኤሌክትሮን የምትባል ትንሽ ነገር መሐሉን ትዞራለች። ፕሮብሌሙ፣ ስትዞር ኢነርጂዋ ያልቃል። እየተጠጋች፣ እየተጠጋች... ክራሽ!"

"መሐሉ ላይ ትወድቃለች?"

"በድሮው ህግ አዎ። ግን አትወድቅም። አንድ ሳይንቲስት፣ በነዚህ ክቦች ላይ ብቻ ነው የምትዞረው፣ በሁለት ክብ መካከል መሆን አትችልም አለ።"

ሳህኑ ላይ አፈጠጥኩ። ሊያ "አር ዩ ኦኬ?" ትለኛለች፣ እኔ ግን በሐሳቤ ያደግኩበት መተማ ደርሻለሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አባቴ የሰሊጥ ዘይት የሚጨምቅበት ዳስ ነበረው። ከግንድ የተፈለፈለ ትልቅ ሙቀጫ፣ ውስጡ ዘነዘና፣ ከዘነዘናው ጋር የተያያዘ ረጅም አግዳሚ እንጨት። እንጨቱ ላይ ዓይኗ በጨርቅ የተሸፈነ ግመል ትታሰራለች፤ እሷ ስትዞር ሰሊጡ ይጨመቃል። ዘይቱ ወጥቶ የሚቀረው የዚያ ትኩስ ፋጉሎ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እናቴ ሙቀጫው ስር ቁጢጥ ብላ ወደ ውጭ የሚፈሰውን ሰሊጥ በእጇ ትመልሳለች። እንጨቱ ከራሷ በላይ ሲዞር ግመሏ በጀርባዋ በኩል ታልፋለች።

እንጨቱ ሦስት ቀዳዳ ነበረው፤ የሩቅ፣ የመካከልና የቅርብ። አባቴ እንደ ሰሊጡ ሁኔታ ገመዱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል። የቅርቡም ቢሆን ለእናቴ ጀርባ በቂ ቦታ ይተዋል። "ከቀዳዳ ውጭ አይታሰርም" ይል ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ያኔ ለልጅ ትእዛዝ እንጂ ምክንያት ማን ይነግራል?

እኔ ደግሞ ሥራዬ እንጨቱ ላይ መፈናጠጥ ነው። ግመሏ ከሩቁ ስትታሰር እንቅልፌ ይመጣል፤ ከመካከሉ ስትታሰር ዙሩ ስለሚጠብ ራሴን ያዞረኛል። በሁለቱ መሐል ቢሆንስ አልኩ። አባቴ ጆንያ ሊያመጣ ወጣ፣ ግመሏ ቆማለች፣ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታለች። ገመዱን ፈታሁና ልሙጡ እንጨት ላይ ጠምጥሜ አሰርኩት። በቋጠሮዬ ኮርቼ ዘልዬ ወጣሁና "ሂጅ!" አልኳት።

ሁለት ዙር ተንፈላሰስኩ። በሦስተኛው ገመዱ ሲንሸራተት አየሁ። አንድ ጣት ያህል። ከዚያ አንድ ስንዝር። ግመሏ አታይም፤ ገመዱ ወደሳባት ነው የምትሄደው። በየዙሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ። እግሯ የእናቴን የነጠላ ጫፍ ረገጠ፤ እናቴ ሳትዞር ሰብሰብ አደረገችው።

ብጮህ ጥፋቴ ይታወቃል። አባቴ ደግሞ ሲገርፍ አይጣል ነው! ዝም ብል እናቴ አለቀች። ዝም አልኩ።

የግመሏ ጉልበት እናቴን ትከሻዋ ላይ መታት። እናቴ በደረቷ ሙቀጫው ላይ ተደፋች፣ እጇ ዘነዘናው ስር ገባ። የዚያን ጊዜ ጩኸቷ ግመሏን እንኳ አቆማት። አባቴ ሲደርስ እኔ ጆንያ ስር ነበርኩ።

"ገመዱን ማን ነው የነካው?"

"ግመሏ ናት! ጎትታ ጎትታ ፈታችው" አልኩ፣ ከጆንያው ስር አንገቴን አውጥቼ።

"ይቺ ግመል አብዳለች" አለ። በሳምንቱ ሸጣት።

የእናቴ ሁለት ጣቶች ከዚያ በኋላ አልታጠፉም። ፀጉሬን ስትሠራኝ እንደ እንጨት ሆነው ጭንቅላቴን ሲነኩኝ ሸሸት እላለሁ። "ምነው ልጄ፣ አሳመምኩሽ?" ትለኛለች። "አይ" እላለሁ።

ይህንን ለሊያ ስነግራት ሳቄም እንባዬም ተቀላቀለብኝ። እሷ ሳህኑን አነሳችና፣ "ሳይንቲስቱም እኮ ተሳስቷል። በኋላ ሲታይ እንደዚህ አይነት ክብ የለም" አለችኝ።

"ታዲያ ምን ያስለፈልፍሻል?"

"አሁንም ክላስ ውስጥ እንማረዋለን። የቱ ጋ ልክ እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደሳተ።"

ቀናሁ፣ እውነቴን ነው። የዛሬ ልጆች የትልቅ ሰው ስህተት በመጽሐፍ ተጽፎ ይሰጣቸዋል፤ አይደነግጡም፣ አይደብቁም። እኛ ስንሳሳት ጆንያ ስር ነበር ሩጫችን። እኔማ አርጅቼም ከዚያ አልወጣሁም። እናቴ ልትሞት ስትል ያቺን እጇን ይዤ ተቀምጬ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ትገርፈኝ ይመስል መልሼ ዘጋሁት።

ሊያ ከሄደች በኋላ ቤቱ ጭር ሲል፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልኩት። እማዬ፣ ግመሏ አላበደችም።