ከማዮርስቱን እስከ ሮምሶስ፣ ለአንድ ድምፅ

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ማዮርስቱን

የማጸዳውን ቢሮ ዘግቼ ወጣሁ። ዛሬ ሮምሶስ የሚባል ሰፈር የእድራችን ስብሰባ አለ። ደሴ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ እዚህ ኦስሎ ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ መኮንን ትናንት ደውለው፣ "ወጣቶቹ የተጨመረውን መዋጮ አንከፍልም ብለዋል። ያሳመፀቻቸው ያንተው ልጅ ናት። መምህር አይደለህ? ምከራቸው እንጂ!" ብለውኛል። እምቢ ለማለት ምን አፍ አለኝ? ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ አስከሬኗን ደሴ ያደረሰው ይኸው እድር ነው።

አራት ተኩል፣ ኦከርን

ልጄ ሳራ ከሰፈራችን ጣቢያ እኔ ያለሁበት የከተማ ባቡር ላይ ተሳፈረች። በሰላሳ ስምንት ክሮነር የገዛችውን ጣፋጭ ዳቦ ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሰጠችኝ።

"ለመሆኑ ምን ጎደለሽ?" አልኳት።

"ኔይ፣ የለም አባዬ፣ ገንዘቡ አይደለም። ለኮሙኑ፣ ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ እሰጣለሁ። እድሩ ላይ ግን እከፍላለሁ፣ ስትወስኑ ደጅ እቆማለሁ።"

"እናትሽን የሸኘ እድር ነው።"

"ስለሸኛትማ ነው የኔም እንዲሆን የፈለግኩት!"

ተናደድኩባት። ዳቦውንም ሳልጨርሰው ኪሴ ከተትኩት።

አምስት ሰዓት፣ ሮምሶስ

ጣቢያው ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ሽቅብ ወጥተን በፎቆቹ መካከል ወዳለው አዳራሽ ገባን። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ወጣቶቹ በሩ ሥር ቆመዋል። ትንሽ ኩርፊያ እንዴት ጦርነት እንደሚወልድ ነግሬ ላስፈራራቸው አስቤ፣ የአሜሪካንን ታሪክ ጀመርኩ።

እንግሊዝ በጦርነት ዕዳ ስትዘፈቅ በቅኝ ተገዢዎቿ ጋዜጣና የውል ወረቀት ላይ ቀረጥ ጣለች። ለንደን ፓርላማ ውስጥ አንድም ወኪል አልነበራቸውም። አቤት አሉ፤ የእንግሊዝን ዕቃ አንገዛም አሉ። የወረቀቱ ቀረጥ ተነሣ፣ ኋላ የመጣው የሻይ ቀረጥ ግን አልነሣ አለ። ሻዩን ከመርከብ አውጥተው ባሕር ውስጥ ደፉት። ንጉሡ ወደባቸውን ዘጋ፣ ወታደር ላከ። አቤቱታው አብዮት ሆነ።

ጋሽ መኮንን ሳቁ። "ለሻይ ብለው! መቼም ዋጋው ሰማይ ነክቶ ይሆናል። የኛ ጭማሪ ሃምሳ ክሮነር ናት።"

ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን መካድ አቃተኝ።

"የለም ጋሼ። ሻዩ እንዲያውም ከበፊቱ ረክሶ ነበር። የደፉት ሳይጠየቁ ስለተወሰነባቸው ነው።"

በሩ ሥር ጭብጨባ ተነሣ። ጋሽ መኮንን ጠረጴዛውን መቱ። "የድምፁን ነገር ሌላ ጊዜ እናየዋለን። መዋጮውን ዛሬ ሰብስብ!"

"ድምፅ እስኪያገኙ ከነሱ አልሰበስብም።"

"አንተ! ሚስትህን ማን ሸኘልህ?"

"እናንተ ናችሁ። ውለታችሁን እስክሞት አልረሳም። የልጄን አፍ ግን በውለታ አልዘጋም።"

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ሳራ ተከተለችኝ፤ ወጣቶቹም ወጡ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ኦከርን፣ ቤቴ

ስንመለስ የቀረውን ዳቦ ከኪሴ አውጥቼ ስሰጣት ሳቀች።

ቤት ገብቼ የእድሩን መዝገብ ገለጥኩ። የሳራ ስም "የአባል ልጅ" በሚለው፣ ድምፅ በሌላቸው ዝርዝር ሥር ሰፍሯል። ጽሕፈቱ የኔው ነው። ለካስ ሳይጠይቅ የሚወስን ንጉሥ ፍለጋ ሮምሶስ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ኖሯል።

ሰረዝኩትና "አባል" ብዬ ጻፍኩ፤ በማይለቅ ቀለም። የሚሰርዘው ካለ ይምጣ!