ካሴቱ እስኪጠነጠን

ልብስ ሰፊዋ መዋሸት የጀመረችው ካሴት እየተጠነጠነ ነው። ክፉ አስባ አይደለም። ሲጠይቋት መልስ አጣች፤ መልስ ስታጣ ደግሞ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። ከዚያ በኋላማ ውሸት መቼ አንድ ብቻውን ኖሮ ያውቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዎች ሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ ይሰበሰባሉ። የሚያገናኛቸው የአንድ ድምፃዊ ፍቅር ነው። ድምፃዊው ከሞተ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ግማሹ ዘፈኑ ዛሬም ከካሴት ሌላ የትም አይገኝም፤ ካሴቶቹ ያሉት ደግሞ እዚሁ ሱቅ፣ የብስኩት ካርቶን ውስጥ ነው። ሬዲዮ ጠጋኙን ወዳጆቹ "ጋሽ ካቻቢቴ" ይሉታል፤ መፍቻው ከጆሮው ጀርባ ጠፍቶ ስለማያውቅ። ቴፑ እንደ ባለቤቱ እርጅና ተጫጭኖታልና አንድ ካሴት ወደ ኋላ ለመጠንጠን ድፍን አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ጡረታ የወጡት መምህር አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንላቸውም።

"በሉ፣ ካሴቱ እስኪጠነጠን አንዳችን የያዝነውን መጽሐፍ እናውራ" አሉ አንድ ቀን።

ያ ቀልድ ሕግ ሆኖ ቀረ። ተረኛው ቴፑ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ድረስ ስለሚያነበው መጽሐፍ ያወራል፤ ቀጭ ካለ ወሬው የትም ይድረስ የት አፉን ይዘጋል። ባለታክሲው አንድ ጊዜ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊናገር ሲል ቀጭ አለበትና ፋርማሲስቷ ሳምንቱን ሙሉ ስትረግመው ከረመች።

ልብስ ሰፊዋ ፊደል የቆጠረችው በአርባ ዓመቷ፣ ልጆቿን ድራ ከጨረሰች በኋላ ነው። ስታነብ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው፤ አንድ ገጽ አንድ ሱሪ የማሳጠር ያህል ጊዜ ይወስድባታል። ያላት መጽሐፍም አንድ ብቻ ነው። ካፖርት ሊያስጠብብ የመጣ ደንበኛ ኪሱ ውስጥ ረስቶት ስትመልስለት፣ "ሽፋን እንኳ የለው፣ ላንቺ ይሁን" ብሏት የሄደው ወፍራም መጽሐፍ። የፊት ቅጠሎቹ ተገንጥለው ጠፍተዋል፤ ርዕሱን እሷም አታውቅ።

መጀመሪያ ተራዋ ሲደርስ ፋኖሱን አጥፍቶ አንዲት ሴት በጨለማ ስላሳለፈ የድልድይ ዘበኛ አወራች። ፋርማሲስቷ ርዕሱን ጠየቀቻት። እነዚህን በመሰሉ አንባቢዎች ፊት "አላውቅም" ማለት አፈረችና "የድልድዩ ዘበኛ" አለች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ተራዋ ተመልሶ መጣ። ፋርማሲስቷ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት መጽሐፍ ጨርሳለች፤ እሷ ገና አርባኛው ገጽ ላይ ናት። "ያንኑ ነው የያዝኩት" ማለት አቃታት። ከሠርጓ ማግሥት ስለጠፋች ሙሽራ አወራችና "የጠፋችው ሙሽራ" ብላ ስም አወጣችለት። ቀጥሎ ስለ አንድ ሰዓት ሠሪ አወራችና እሱንም ሌላ መጽሐፍ አደረገችው። እንዲህ እንዲህ እያለች በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ መጽሐፍ ዘጠኝ መጽሐፍ ወለደች። የሚገርመው ወሬዋ ያምር ነበር። የእሷ ተራ በሚሆንበት ቅዳሜ ባለታክሲው አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ መምህሩ አዲስ ሐሳብ አመጡ። "ለሚቀጥለው ሳምንት ሁላችንም ያወራናቸውን መጻሕፍት እናምጣና እንለዋወጥ።" ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። "የአንቺስ ጋሪ ሳያስፈልገው አይቀርም!"

"እትዬ፣ የጠፋችውን ሙሽራ ለእኔ!" አለች ፋርማሲስቷ። "ስንት መደብር ዞሬ አጣኋት መሰለሽ።"

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

ያን ሳምንት እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። እሳት በላቸው ልበል? አለች። ዘጠኙን በልቶ አንዱን የሚተው ምን ዓይነት እሳት ነው? ልቅርስ? ብትቀር ግን ቅዳሜ አብራ ልትቀር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው የሚያናግራት "ይጥበብ፣ ይርዘም" ለማለት ነው፤ ምን አሰብሽ ብሎ የሚጠይቃት ያ ሱቅ ብቻ ነበር። ያን ማጣት ከሁሉ በላይ አስፈራት። ዓርብ ላይ ቁርጡን ወሰነች። ዋሽታ ከምትቀር፣ ተናግራ ቢያባርሯት ይሻላል።

ቅዳሜ ሲደርስ ሱቁ ውስጥ በተፈታቱት ሬዲዮዎች መሃል መጻሕፍት ተደርድረው ጠበቋት። ጋሽ ካቻቢቴ ካሴቱን ለመጠንጠን የቴፑን ቁልፍ ተጫነ። እሷ ከቦርሳዋ ያንን ሽፋን አልባ መጽሐፍ አውጥታ አስቀመጠች።

"ሌሎቹስ?" አሉ መምህሩ።

"ሌላ የለም፣ መምህር። ይኼው ነው። ዓመት ከሁለት ወር ይዤዋለሁ፣ አልጨረስኩትም። ስሙንም አላውቀውም፤ እየቆራረስኩ ነው ስም ሳወጣለት የከረምኩት። ዋሽቻችኋለሁ።"

ቴፑ መጠንጠኑን ቀጠለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

"ቆይ፣ ቆይ፣" አለች ፋርማሲስቷ ቀስ ብላ፤ "ዘበኛውና ሙሽራዋ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ያ ዘበኛ ፋኖሱን አጥፍቶ ያሳለፋት ሴት…"

"እሷ ናት።"

ባለታክሲው ጭኑን መታ። "ሰዓት ሠሪውስ?"

"አባቷ ነው።"

ሱቁ ቀውጢ ሆነ። አንዱ ሌላውን አያዳምጥም፤ ማን የማን ምን እንደሆነ ሁሉም ይጠይቃታል። ቅር ያለው ሰው ፊት ፈለገች፣ አላገኘችም። የቀሯት መምህሩ ብቻ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ።

"ስንተኛው ገጽ ላይ ደርሰሻል?"

"ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ስንት ተማሪ አሰልችቻለሁ" አሉ። "ሲሄድ ያየሁት ግን ዛሬ ነው።"

እፎይ አለች። ዓመት ሙሉ ይዛው የከረመችውን ትንፋሽ የለቀቀች ያህል ነበር፤ እንባም ሳቅም እኩል መጣባት።

"ሙሽራዋ አባቷን አገኘችው?" ባለታክሲው አላስቻለውም።

"እኔ ምን አውቄ! ገና ሃያ ገጽ ይቀረኛል።"

"አንብቢልን እንጂ!"

"ቀርፋፋ ነኝ እኮ።"

"ማን አባረረን?"

መጽሐፉን ገለጠች። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አስገብታ፣ ቃሉን እየለቀመች ጀመረች። ሙሽራዋ በሰዓት ሠሪው በር ላይ ቆማለች። እጇን አነሳች። ልታንኳኳ ስትል ቴፑ ቀጭ አለ።

ሕግ ሕግ ነውና ልብስ ሰፊዋ አፏን ዘጋች። ጋሽ ካቻቢቴ ወደ ቴፑ እጁን ሰደደ። ሁሉም የሚወዱትን ድምፅ ጠበቁ። እሱ ግን ከቴፑ አልፎ ግድግዳው ጋ ደረሰና ሶኬቱን ነቀለ።

"ቀጥይ" አላት።