ሁለት ቱርቦ መኪኖች በጉግስ ሜዳ

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኅዳር ሚካኤል እንዳለፈ በነበረው እሁድ ነው። እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ይህን ታሪክ ግን እዚህ ፍኖተ ሰላም አንዱ ጨምሮበት፣ ሌላው ቀንሶለት ሲያወራው ስለምሰማ፣ እዚያ የነበርኩት ራሴ እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ነው። ደግሞም እንደዚያ ቀን የፈራሁበትም የሳቅሁበትም ቀን ትዝ አይለኝም።

አንዱዓለም የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ ስታርፍ ገና ሕፃን ስለነበር እኔ ጋ አደገ። አሁን አዲስ አበባ ከጓደኛው ከናትናኤል ጋር መኪና ይጠግናል። ሁለቱም ተጋጭተው የቆሙ ትንንሽ ፈጣን መኪኖች ገዝተው፣ በእጃቸው አድሰው የሚነዱ ናቸው። የአንዱዓለም ቀይ ነው፤ የናትናኤል ነጭ። ሲያዩዋቸው አስቤዛ ለመሸመት የሚሆኑ ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን ቱርቦ የሚሉት አለ። እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በከንቱ ከመሄዱ በፊት አንዲት ማራገቢያ ያዞራል፤ ማራገቢያዋ ለሞተሩ ብዙ አየር ትሰጠዋለች፤ ትንሹ ሞተር የትልቅ ጉልበት ያገኛል። የማን ይበልጣል በሚል ሁለቱ ሲከራከሩ ምሳ ይቀዘቅዛል።

የአንዱዓለም እጮኛ ትዕግሥት በቡሬ አቅራቢያ የሚኖሩ ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ጥጋቡ በፈረሰኛነታቸው በአካባቢው የታወቁ ናቸው። ልጅቱ አዲስ አበባ ብትሠራም «አባቴ እሺ ካላለ አይሆንም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። እሳቸው ደግሞ ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው የመጡ ሽማግሌዎችን መልሰዋል። አንዱዓለም እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

እኛም ሽማግሌ መረጥን። የንስሐ አባቴ ቄስ መኮንን፣ ጡረታ የወጡት መምህር በላይነህና የእህል ነጋዴው አቶ ደሴ እሺ አሉ። በአገራችን ልማድ ሽማግሌ ሲሄድ ልጁ ቤቱ ይቀራል። በልጅቱ ቤት በር ላይ ቢታይ እንደ ንቀት ይቆጠራል። የተከራየነው ሚኒባስ ግን በዚያ ጠዋት ሳይመጣ ቀረ። ያሉን ሁለቱ ትንንሽ መኪኖች ብቻ ሆኑ። ቀዩን ደግሞ ከአንዱዓለም በቀር የሚነዳው የለም፤ ናትናኤል እንኳ ፍሪሲዮኑን አልለመደውም።

«ኮፍያ አድርጎ መኪና ውስጥ ይቀመጥ፤ ሾፌር ነው» አሉ አቶ ደሴ።

«ካልጠየቁኝ አልናገርም» አሉ ቄስ መኮንን። «ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። ይህን እወቁልኝ።»

እኔ ቡሬ ከአንዲት ዘመዴ ቤት ወርጄ ውጤቱን ልጠብቅ ተሳፈርኩ።

እስከ ማንኩሳ የሄድኩት በነጩ ነው። ማርሹን ራሱ ይቀይራል፤ አራቱም ጎማዎቹ ይገፋሉ። ናትናኤል ነዳጅ ሲሰጥ ወንበሩ ከጀርባዬ ያዘኝ። ድምፁ የለም፤ ዛፎቹ ብቻ ወደ ኋላ ይሮጣሉ። ቄስ መኮንን ጋቢና ተቀምጠው መቋሚያቸው ስላልገባላቸው በመስኮት አውጥተውታል። መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚባርኩት መስሎት ቆቡን እያነሳ እጅ ይነሣል። እሳቸውም መልሰው ይባርካሉ።

ማንኩሳ ላይ ወደ ቀዩ ቀየሩኝ። ይሄኛው ጠጣር ነው። የአስፋልቱን ጠጠር ሁሉ በወገቤ ቆጠርኩት። ነዳጅ ሲሰጠው መጀመሪያ ያመነታል፤ ከዚያ ያፏጭና እንደ ደነገጠ በቅሎ ይፈተለካል። መታጠፊያ ላይ ግን ነጩ ሲያጋድል ይሄ ንቅንቅ አይልም። በአንድ ስፍራ ገበሬዎች በርበሬ አስፋልቱ ዳር አስጥተው ነበር። አንዱዓለም ከሩቅ አይቶ አበረደው፤ አንዲት ፍሬ ሳይነካ አለፈ።

ቡሬ መግቢያ ላይ ሁለቱም ቆሙና መጡብኝ።

«እማማ፣ እውነቱን ይናገሩ፤ የማን ይሻላል?» አለ ናትናኤል።

«ያንተ አልጋ ነው፤ የሱ መውቂያ ነው» አልኩት።

«ሰማህ?»

«መታጠፊያውንም ንገሩት እንጂ፣ እትዬ!» አለ አንዱዓለም።

«መታጠፊያ ላይ የሱ ይሻላል» አልኩ። ሁለቱም እንዳሸነፈ ሰው ሆነው ወደየመኪናቸው ሄዱ።

የዘመዴ በር ተዘግቶ አገኘነው፤ ማኅበር ሄዳ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ረፍዷል ስላሉ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። በዚህ ሁኔታ ነው ሙሽራውም አክስቱም መድረስ የሌለብን ቦታ የደረስነው።

የአቶ ጥጋቡ ቤት ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። ከቤቱ በታች በጥምቀት ጉግስ የሚጫወቱበት ሰፊ ሜዳ አለ። ሽማግሌዎቹ ወርደው እንደ ደንቡ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። አንዱዓለም ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አወረደው። «አይዞህ» ማለት ፈልጌ ነበር፤ አልወጣልኝም።

አቶ ጥጋቡ ረጅም፣ ቀጭን፣ አለንጋ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። መምህር በላይነህ ተናግረው እስኪጨርሱ ሰሟቸው።

«ስለ ልጁ ሰምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መኪና ሲያበር ነው የሚውል አሉኝ። ልጄን ገደል የሚከታት ሰው አልፈልግም።» ከዚያ ወደ እኛ ተመለከቱ። «እኒያ ናቸው የሚያበራቸው?»

«ቀዩ የልጁ፣ ነጩ የጓደኛው ነው» አሉ መምህሩ።

«በሉ ሾፌሮቹ ሜዳው ላይ ያሳዩኝ። ሰው የሚመጣበትን ፈረስ ሳላይ ቃል ሰጥቼ አላውቅም።»

ቄስ መኮንን ወደ ዛፉ ጫፍ አንጋጠው ወፍ ይቆጥሩ ጀመር።

ሴት አይቶ መኪና ውስጥ የሚተው የለምና እኔን አወረዱኝ። የልጁ አክስት መሆኔን ስናገር የልጅቱ እናት ወይዘሮ የሺ መጥተው ሳሙኝ። ከዚያ ሾፌሩን ትኩር ብለው አዩት፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጃቸው ፎቶውን ልካላቸው ኖሯል። ምንም ሳይሉ እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

መንደሩ በሙሉ ሜዳው ዳር ወጣ። መኪኖቹ እስከ ማዶው ሾላ ደርሰው እንዲመለሱ ተባለ። አቶ ጥጋቡ አለንጋቸውን ከፍ አድርገው ጣሉት።

ነጩ ተወርውሮ ሄደ። ቀዩ በሁለት የፊት ጎማው ብቻ የሚሳብ ስለሆነ ሣሩ ላይ ያለ እርምጃ ተሽከረከረ፤ ጭቃውን ወደ ኋላ በተነው፤ ያ ሁሉ የመምህር በላይነህ ሙሉ ልብስ ላይ አረፈ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ መሬቱን ቆንጥጦ ተነሳ። ሾላው ጋ ነጩ ሰፋ አድርጎ ሲዞር፣ አንዱዓለም በውስጥ በኩል ታጥፎ ደረሰበት። ጎን ለጎን ሆኑ። እኔ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ቆሜ ነበር። በመጨረሻ ግን ነጩ ቀድሞ ገባ።

ናትናኤል ሞተሩን አጥፍቶ ዘሎ ወረደና እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ለጓደኛው የመጣ መሆኑን ጨርሶ ረስቶታል። የእኛው ግን አልወረደም። ሞተሩም አልጠፋም። ተሸንፎ ተደበቀ የሚሉት መሰለኝ።

አቶ ጥጋቡ ወደ መስኮቱ ሄዱ። «ምነው? አፍረህ ነው?»

«አይ ጋሼ» አለ ቀና ሳይል። «ቱርቦው ግሏል። በዚህ ሁኔታ ካጠፋሁት ይጎዳል። ጥቂት ይተንፍስ ብዬ ነው።»

ሰውዬው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ሙቀቱን ለኩ። ከዚያ ወደ ናትናኤል ዞሩ።

«ያንተውስ አይተነፍስም?»

«የኔማ... ረሳሁት፣ አባባ።» ሮጦ ሞተሩን መልሶ አስነሳ።

አቶ ጥጋቡ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። «ፈረስ ሮጦ ሲመጣ ሳያንሸራሽር፣ ላቡን ሳያደርቅ የሚያስር ሰው ቤት አይመራም። ይሄ ሾፌር ተሸንፎ እንኳ ከራሱ በፊት ለመኪናው አሰበ። እውነቱን ልንገራችሁ? ያንን አብራሪ ልጃችሁን አላውቀውም። ልጅህን ለዚህ ሾፌር ስጥ ብትሉኝ ኖሮ ግን ዛሬውኑ እሰጥ ነበር።»

መምህሩ ጭቃቸውን መጥረግ አቆሙ።

«ይህን ቃል ከልብዎ ነው የተናገሩት?» አሉ ቄስ መኮንን።

«ከልቤ ነው! ሰው ሁሉ ይስማኝ።»

«እንግዲያውስ ይስጡት። ልጁ እሱ ነው።»

አቶ ጥጋቡ አንዱዓለምን አዩት። ቄሱን አዩ። እኔን አዩ። አንዱዓለም ወርዶ ኮፍያውን አወለቀና ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ። እሳቸው አላነሱትም። ቡሬ ያሉ ዘመዶቻቸው የሚሉትን እያሰቡ እንደነበር ከፊታቸው ይነበባል።

«ልጁ ራሱ ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል?» አሉ በቀጭን ድምፅ። «በእኔ ደጃፍ?»

«ሽማግሌስ አልሆነም» አሉ አቶ ደሴ። «ሾፌር ነው የሆነው። ያውም የተሸነፈ ሾፌር።»

መጀመሪያ ያመለጣቸው ወይዘሮ የሺ ናቸው። ሳቃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ ሲለቁት ሜዳው ሁሉ ተከተላቸው። አቶ ጥጋቡ ሚስታቸውን «አንቺም ታውቂ ነበር!» ብለው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። አንዱዓለምን በክንዱ ይዘው አነሱት። «ቃሌን አላጥፍም። ተነስ፣ አንተ ሌባ!»

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ረጅም እልልታ አሰማች። ድምፁ የማን እንደሆነ ለማየት ዞርኩ። ሰዎቹ ሁሉ የሚያዩት እኔን ነበር። ለቅሶም ደስታም በልኩ የማደርግ ሰው ነኝ። እንዴት እንደወጣኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ አቶ ጥጋቡ «እስቲ እኔም ልቅመሰው» አሉና ጋቢና ገቡ። እኔንም ከኋላ አስገቡኝ። ቀበቶው ሲታሰርላቸው «የማን እስረኛ ነኝ?» አሉ። መጀመሪያ «ቀስ፣ ቀስ በል» ይሉ ነበር። ሜዳው መሐል ሲደርስ ቱርቦው አፏጨና ተፈናጠርን። አለንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭብጥ አድርገው፣ «በአለንጋ ሳልነካው! ኧረ ሳልነካው!» እያሉ እንደ ልጅ ጮኹ። ስንመለስ ሊወርዱ አልፈለጉም።

ጥር ላይ ተጋቡ። ስለ ስሜቴ ብዙ አልልም። እህቴ ያን ቀን ብታይ ደስ ይላት ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ያን ሳስብ ደግሞ ይቀለኛል።

ቤቴ ለዋናው መንገድ ቅርብ ነው። አንዳንድ ቀን ፈጣን መኪና ሲያልፍ ጎረቤቶቼ «ይሄን እብድ ያዙልን» ይላሉ። እኔም አብሬያቸው አንገቴን እነቀንቃለሁ። ከዚያ ማንም ሳያየኝ በር ላይ ወጥቼ፣ መታጠፊያውን እንዴት እንደሚይዘው አያለሁ።