አይጣልም እና ኮቱ

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «አይጣልም» ይለዋል። ሙያው ልብስ ስፌት ነው፤ የምኩራባችንም ጠባቂ እሱ ነው። ለሰው ሲሰፋ እጁ የተባረከ ነው፤ የራሱ ኮት ግን ተጥፎ ተጥፎ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

ስሙ የወጣለት ከሕጋችን ነው። እኛ አይሁዶች የፈጣሪ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ሲያረጅ አንጥለውም፣ አናቃጥለውም፤ ሰብስበን እንደ ሰው እንቀብረዋለን። አጎቴ ያረጁትን እስኪቀበሩ ድረስ ከምኩራቡ ኮርኒስ በላይ ባለው ቆጥ ያስቀምጣል፤ ቀብሩን ደግሞ በየዓመቱ ያራዝማል። አያቶቻችን ከየሀገሩ ተሸክመዋቸው የመጡ፣ የሰም ጠብታ ያረፈባቸው፣ ልጆች ኅዳጋቸው ላይ ፈረስ የሳሉባቸው መጻሕፍት ሁሉ እዚያ ተቆለሉ። በመጨረሻ ከሴቶች መቀመጫ በላይ ኮርኒሱ ተሰነጠቀ።

«እኔ በመጽሐፍ ተመትቼ አልሞትም» አለች እናቴ፣ ታላቅ እህቱ። «እሑድ ይቀበራሉ። ያንተም ጭምር።»

ያንተም ያለችው የጸሎት መጽሐፉን ነው። ከአባታቸው የወረሰው ነው፤ ከማርጀቱ የተነሳ አንድ መስመር እንኳ አይነበብም። ሌላው ላይ ሕግ የሚያስከብረው አጎቴ፣ ነገሩ እሱ ጋ ሲደርስ ጆሮው ይደፈናል። ከዚያ መጽሐፍ መለየት አባቱን ሁለተኛ መቅበር ነበር፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያሳዝነን ነበር።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባል የለ፤ እኔ ነበርኩ። እሑድ ጠዋት መጻሕፍቱን በአሮጌ ጨርቅ እየጠቀለልን ወደ መቃብር ቦታው ወሰድን። አጎቴ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ።

«ደረትህ ላይ ያበጠው ምንድን ነው?» አለችው እናቴ።

«ብርድ መቶኝ ነው፣ እትዬ።»

«ብርድ አራት ማዕዘን አለው እንዴ?»

አካፋ ይዞ መቆፈር ጀመረ። ፀሐዩ ሲበረታበት ኮቱን አወለቀና በጥንቃቄ አጣጥፎ ከጥቅሎቹ አጠገብ አኖረው። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ አወረደ። አፈር መለስን፣ ጸሎት አደረስን። አጎቴ ያን ጊዜ ዞር አለ።

«እዚህ ጋ የነበረው ኮቴስ?»

ዳቦ ጋጋሪው አፈሩን አየ፤ አጎቴን አየ። «ያ ኮት ነበር እንዴ? እኔ መጠቅለያ መስሎኝ።»

የተቀበረውን ማን ደፍሮ ያወጣል? አጎቴ አካፋውን ተደግፎ ቆየና ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። አለቀሰ ብለን ስንደነግጥ ለካ እየሳቀ ነው፤ እንባውም ይወርዳል።

«እኔ እምቢ ብል አባባ ራሱ ሄደ» አለ። «ለብርዱም ኮቴን ደርቦ።»

በዚያው ሳምንት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ አዲስ ኮት ሰፋ። በሰንበታችን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለብሶት ወደ ምኩራብ ሲገባ ያላየው፣ ያልተገረመ የለም። አዲስ የጸሎት መጽሐፍ ቢሰጡት አልተቀበለም። ለካስ ድሮም ሲጸልይ የኖረው በቃሉ ነው።

ከሴቶቹ መቀመጫ ሆነን አየነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባዶ መዳፉን ዘርግቶ ይጸልያል። የገጹ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጣቱን ምራቅ ነካ አድርጎ ይገልጣል።