ቀያሽ የተባለው ስመኘው

ፍኖተ ሰላም ላይ ፊዚክስ የሚያስተምረው ስመኘው ሙሉሰው ሁለተኛ ዲግሪውን የያዘው የሰማይን ርቀት በመለካት ነው። ይህን ሲናገር ደረቱ ትንሽ ይነፋል፤ ወዲያው ደግሞ ራሱ ያስተነፍሰዋል። በቴሌስኮፕ አንድ ቀን እንኳ አይቶ አያውቅም። ሌላ አገር የተሰበሰበ የጋላክሲ መረጃ መብራት ባለ ሰዓት በላፕቶፑ እያወረደ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ እየፈለገ ነው የተመረቀው። "የጋላክሲውን ቦታ አውቃለሁ፤ የሻማዬን ግን አላውቅም" ይላል።

አባቱ አቶ ሙሉሰው ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ መንደር በቆሎና ጤፍ የሚያርሱ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። አንድ ሐምሌ ጤፍ ሲዘሩ ስመኘው ከማሳው ዳር ቆሞ ሥራውን አስረዳቸው።

"ጋላክሲ ማለት የከዋክብት መንደር ነው፣ አባባ። ሲያዩት እንደ ተዘራ ጤፍ ብትን ያለ ነው። ግን ዘሪ በየእርምጃው አንድ እፍኝ ይበትን የለ? ቡቃያው በየእርምጃው ልክ ወፈር እያለ ይወጣል። ሰማዩም እንደዚያው ነው። ዓለም ገና ትኩስ ሳለች የሄደ ሞገድ በጋላክሲዎቹ መካከል የተወው ልክ አለ፤ ወደ አምስት መቶ ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይሆናል። ብዙ ጋላክሲ ስንቆጥር ይወጣል። ልኩ ጠብቦ ከታየን መንደሩ ሩቅ ነው፤ ሰፍቶ ከታየን ቅርብ ነው።"

አቶ ሙሉሰው "እህ" አሉና ዘራቸውን ቀጠሉ። ስመኘው ለግድግዳ ያወራ መሰለው። አባቱ እንዲኮሩበት ይፈልግ ነበርና ከፋው።

በዓመቱ ለማርያም ማኅበር አባቱ ቤት ሲደርስ፣ ጠላው ገና ሳይቀዳ ወይዘሮ ሀብትነሽና ጎረቤታቸው ሰይፈ ገመድ ይዘው ጠበቁት። ድንበራቸውን ጎርፍ ወስዶት ክረምቱን ሙሉ ሲነታረኩ ከርመዋል።

"አባትህ ልጄ ቀያሽ ነው ብለውናል" አሉ ሀብትነሽ። "ለካልን። አንተ ያልኸውን እንቀበላለን።"

ስመኘው አባቱን አያቸው። አቶ ሙሉሰው መሬት መሬት ያያሉ። አይደለሁም ቢል አባቱ በማኅበርተኛው ፊት ውሸታም ሊባሉ ነው። ስለዚህ ገመዱን ተቀበለ፤ ማኅበርተኛውም ተከትሎት ማሳው ድረስ ወረደ።

እዚያ ሲደርስ ከየት መጀመር እንዳለበት እንኳ አላወቀም። ገመዱን ሲዘረጋ እግሩ ላይ ተጠመጠመበት። ሲፈታው ቆይቶ አንድ ነገር ትዝ አለው። በሰማዩ ሥራው በመቶ አንድ ቢስት ይመሰገናል፤ እዚህ ግን በመቶ አንድ ማለት አንድ ፈር ነው፣ በዚህ አገር ደግሞ ለአንድ ፈር ሰው ይገዳደላል። ፈራ፤ ከልቡ ፈራ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለ። "እኔ መሬት ለክቼ አላውቅም። የምለካው የከዋክብትን ርቀት ነው። አባባ ሳይገባቸው ቀርቶ፣ ተሳስተው ነው።"

ሀብትነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ነሡት።

"እንግዲያስ መምህር፣ አንቱን በመሬት ማድከማችን ነውር ነው" አሉ። "ልጄ ህይወት ታጭታ ፈረሰባት፤ ደግሞ ታጭታ ፈረሰባት። ኮከቧን ቢያዩልኝ።"

ሰይፈም ኮፍያውን አወለቀ። የጠፋች ጊደር ነበረችው። ስመኘው የእኔ ሥራ እንዲህ ያለ አይደለም እያለ ቢምል ቢገዘት የሰማው የለም፤ እንዲያውም ምስጢሩን የሚደብቅ ዐዋቂ አስመሰለው። የማኅበሩ ቄስ አቶ ሙሉሰውን ገላምጠው ወደ ኋላቸው ተመለሱ።

አባትና ልጅ ወደ ቤት ሽቅብ ወጡ።

"የነገርኸኝማ ገብቶኛል" አሉ መንገድ ላይ አቶ ሙሉሰው። "ልጄ ከዋክብት ይለካል ብል ጠንቋይ እንደሚያደርጉህ ስለማውቅ ነው ቀያሽ ያልሁህ። ከሁሉም የማያስነውር እሱ መሰለኝ።"

ስመኘውን መምህራኑ ማዕረግ ሰጥተውታል፤ ጓደኞቹ አጨብጭበውለታል። ሥራውን ከነመዘዙ የተረዱለት ግን እኚህ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እሳቸውን ነው ሰው ሁሉ እየሰማ "ሳይገባቸው ቀርቶ" ያለው።