ብል ነው ወይስ አይደለም

አባቴ ሸማኔ ናቸው። የሞላሌ አካባቢ ሰው በጉን ሸልቶ፣ ሴቶቹ የፈተሉትን ጠጉር እኛ ቤት ያመጣል፤ አባቴ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በርኖስ አድርገው ይሠሩለታል። በአገራችን ቤቱ ብል ገባ የተባለ ሸማኔ አበቃለት፤ ፈትሉን አምኖ የሚሰጠው አያገኝም።

አምና ለበዓል ስመጣ በርኖሳቸውን ጸሐይ ላስመታላቸው ብዬ የሣጥኑን ክዳን አነሣሁ። ትናንሽ ነጣ ያሉ የእሳት ራቶች ከሣጥኑ ዙሪያ ቱር ቱር አሉ። የበርኖሱ ጠጉር የእናቴ የመጨረሻ ፈትል ነው። ከሞተች ወዲህ አባቴ አንድ ቀን ለብሰውት አያውቁም።

«ብል ነው። አውጪና አቃጥይው» አሉ፣ ፊታቸው ጠቁሮ። የጎረቤት ፈትል በየጆንያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ቆይ አባባ፣ መጀመሪያ ልየው» አልኋቸው። ተናድጃለሁ። ደጋ ያደገ ሰው ጠጉር አጠገብ ትንሽ ነገር ከበረረ ብል ነው ይላል፣ ሌላ አይጠረጥርም። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ዐይኔ ያረፈው ከሣጥኑ ጎን በተቀመጠው፣ እኔው ራሴ ከማስተምርበት ከመርሐቤቴ ቆላ ባመጣሁት የማሽላ ጆንያ ላይ ነው።

አንዱን ብርጭቆ ደፍቼበት ያዝሁትና በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየሁት። መልኩ ገለባ ይመስላል፤ የኋላ ክንፉ ጫፉ ላይ እንደተቀሰረ ጣት ሹል ብሏል። ብል ግን ወርቅማ ነው፤ አናቱ ላይ ቀላ ያለ የተንጨባረረ ጠጉር አለው፣ ክንፉም እንዲህ አይሾልም። ከማሽላው ዘገንሁ። ፍሬው ክብ ክብ ሆኖ ተበስቷል።

«የእህል ነው አባባ። ጠጉር አይነካም።»

«ተመስገን» አሉና መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

ደስ ብሎኝ በርኖሱን ስገልጠው አንድ ሌላ የእሳት ራት ከእጥፋቱ ብቅ አለ። ወደ በሩ ብርሃን አልበረረም፤ እየሮጠ ወደ ጨለማው ተመለሰ። እጥፋቱን ከፍቼ ተከተልሁት። ወርቅማ ነው፣ አናቱም ቀላ ያለ። ከሥሩ ያለው ጠጉር ተበልቶ ሳስቷል። የአባቴ ዐይን ደክሟል፤ ብሸሽጋቸው ማን ያውቃል? ጆንያዎቹን አየሁ። ሁሉም የሰው ነው።

«አባባ፣ ይኸኛውስ ብል ነው» አልኋቸው።

«እስቲ አምጪው» ብለው ተቀበሉኝና በርኖሱን ደረቡት። ደረቱን በመዳፋቸው ዳበሱት። «እናትሽ ብትኖር የሰው ፈትል ካለበት ቤት አታሳድረውም ነበር» አሉና አውልቀው ሰጡኝ።

ደጅ እሳት አንድጄ በርኖሱን ጨመርሁት። የበግ ጠጉር ቶሎ አይነድም። አባቴ እስኪያልቅ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሡም።